ስለ ሞተር ቢስክሌት ጥሪ

የእኅታችን ልጅ ከፒያሳ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ገዝቶ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ የፊቱ ፍሬን እንቢ አለው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተሰበረው ክንዱ ብቻ ነው። ኋላ ብንመረምር፥ ሠሪው ፋብሪካ ያንን ፍሬን በነፃ እለውጣለሁ ብሎ ከጠራ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ደብዳቤው ግን የደረሰው በባሕር ማዶ ላለው ለመጀመሪያው ባለቤት ኖሯል።

ፋብሪካ እንዲህ የሚጠራው በቸርነቱ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሠሪው ጉድለቱን ለባለቤቱ እንዲያስታውቅ፥ በ1974 የተሻሻለውም ያለ ዋጋ እንዲያድስ ያስገድዳል። ጥሪው የሚወጣው በሻንሲ ቁጥር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ባለው ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ሳይከፍል ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፥ ለሠሪው ወይም ለወኪሉም ጽፎ ይጠይቅ። እኛ ዕድሜያችንን ቁጥር ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስንሆን፥ ልጁ ከወደቀ በኋላ መጠየቃችን ያሳፍረናል።

ሻጩን እንዳንወቅስ፥ ሱቁ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ወኪሉ ግን ቁጥሩን አይቶ ፍሬኑን ያለ ዋጋ ለወጠልን። እናቱ ቁልፉን እስከ ዛሬ ከመቀነቷ አልፈታችም።