የመኪናዎ አፍንጫ ከወዴት ነው?

ክረምት ሲቃረብ የቤት እመቤት ሐሳቧ ብዙ ነው፡፡ የጣራው ቆርቆሮ የት ጋ እንደሚያፈስ ታያለች፤ የልጆቿን ጫማ ትፈትሻለች፤ ከሰሉን ከእርጥበት ታሸሻለች፤ በርበሬውን ፀሐይ ሳለ አስጥታ ታስፈጫለች፡፡ ዛሬ በዚህ ዓምድ በክረምቱ ዝግጅትዎ ላይ አንድ ነገር እንዲጨምሩ ልናሳስብዎ እንወዳለን፡፡ ይኸውም የቤተሰብዎ መኪና አየር የምትስብበት አፍ ጉዳይ ነው፡፡

«ይህ የጋራዥ ወሬ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት አደራ እንላለን፡፡ የብዙዎቻችን መኪና የተገዛችው ከደመወዝ ተቆጥቦ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ ነው፡፡ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱባት፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚወሰድባት፣ በብዙ ቤትም የዕለት እንጀራ የሚገኝባት እርሷ ናት፡፡ የቤቱ ሀብት የቆመበትን ነገር ማወቅ የቤቱ እመቤት ጉዳይ መሆኑ አያከራክርም፡፡

በአዲስ አበባ ከተማ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ አንዲት የሦስት ልጆች እናት የደረሰባቸውን እንመልከት፡፡ የበኩር ልጃቸው ቀን እናቱንና እኅቱን ያመላልሳል፤ ማታ ማታ ደግሞ በመኪናዋ የኮንትራት ሥራ ይሠራል፡፡ ባለፈው በጋ ይህ ልጅ ከጓደኞቹ ምክር ተቀብሎ፣ ፋብሪካው የገጠመውን ጥቁር የአየር ማጣሪያ ሳጥን አስፈታና በምትኩ ረጅም የብረት ቱቦ አስገጠመ፡፡ በቱቦው ጫፍ ሾጣጣ ማጣሪያ አለ፡፡ ማጣሪያውም ከፊተኛው ባምፐር ጀርባ፣ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፡፡ «ኮልድ ኤር ኢንቴክ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ማለት ነው፡፡

እናትየው ቱቦውን አይተው «ልጄ፣ ይህ ነገር ውሃ አያስገባም?» ሲሉ ጠየቁ፡፡ ልጁም «እማዬ፣ መኪናዋ እኮ ጀልባ አይደለችም» ብሎ ሳቀ፡፡ በጋው በሰላም አለፈ፡፡ የሰኔም ዝናብ አለፈ፡፡

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፡፡ ልጁ እናቱንና ታናሽ እኅቱን ጭኖ ሲመለስ፣ ከድልድይ ሥር ባለው ዝቅተኛ መንገድ ላይ ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ውሃ ተኝቶ አገኘ፡፡ ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ውሃውን ሰንጥቆ ሲሻገር አይቶ ተከተለው፡፡ መሐል ሲደርስ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ፡፡ ልጁ ደንግጦ ቁልፉን አዞረ፤ እንቢ አለ፡፡ ደግሞ አዞረ፡፡ በሦስተኛው ብረት ከብረት የተጋጨ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፡፡ መንገደኞች ተረባርበው መኪናዋን ገፍተው አወጧት፡፡ ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው፡፡ ሞተሩ ግን በጋራዥ ሲፈታ ፒስተኑን የሚገፋው የብረት ዘንግ ተጣሞ፣ የሞተሩም አካል ተሰንጥቆ ተገኘ፡፡ ለትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበው የዕቁብ ገንዘብ ላገለገለ ሞተር መግዣ ዋለ፡፡

እናትየው በኋላ የስፌት ሜትራቸውን ይዘው ወረዱና ለኩ፡፡ የማጣሪያው ግርጌ ከመሬት 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነበር፡፡ የቀድሞው ሳጥን አየር ይስብበት የነበረው አፍ ግን ከሞተሩ ኮፈን ሥር፣ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፡፡ ሚኒባሱ የተሻገረው የሾፌሩ ብልሃት ሆኖ ሳይሆን አፍንጫው ከውሃው በላይ ስለነበረ ነው፡፡

ለመሆኑ ሞተር አየርን ለምን ይፈልጋል? እሳት ያለ አየር እንደማይነድ ከሰል የምታቀጣጥል ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፡፡ ቤንዚንም በሞተር ውስጥ የሚነደው ከአየር ጋር ተደባልቆ ነው፡፡ በብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ላይ የሚገኘው 1300 ሲ.ሲ. ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞርና ነዳጁ በሙሉ ሲረገጥ በደቂቃ እስከ 1900 ሊትር አየር ይስባል፡፡ ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢለካ 95 ጀሪካን መሆኑ ነው፡፡ ይህን ያህል ኃይል ያለው አፍ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው፡፡

ውሃው ሞተሩን እንዴት እንደሚሰብረው ለመረዳት፣ ለሕፃናት ሽሮፕ የምንሰጥበትን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይውሰዱ፡፡ አየር ስበው ቀዳዳውን በጣትዎ ይድፈኑና ይግፉት፤ አየሩ ተጨምቆ ይገባልዎታል፡፡ አሁን ደግሞ ውሃ ሞልተው ይድፈኑና ይግፉት፤ ንቅንቅ አይልም፡፡ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፡፡ ፒስተንም በሲሊንደሩ ውስጥ ሥራው እንደ ሲሪንጁ ነው፡፡ የቤንዚን ሞተር አየሩን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይጨምቀዋል፤ የናፍጣ ሞተር ከዚያም አብልጦ ይጨምቃል፡፡ በ1300 ሲ.ሲ. ሞተር ውስጥ ፒስተኑ እላይ ሲደርስ በአንዱ ሲሊንደር የሚተርፈው ባዶ ቦታ 36 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የአንድ ቡና ስኒ እኩሌታ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ ከዚያ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፡፡ መኪናው ግን በፍጥነቱ ይገፋዋልና ደካማው ብረት ይጣመማል ወይም ይሰበራል፡፡

ይህ ሲባል ግን ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ የገጠመ ሁሉ በዝናብ ሞተሩን ያጣል ማለት አይደለም፡፡ እዚህ ላይ የሚወራውን ከእውነቱ መለየት ያስፈልጋል፡፡ ከሰማይ የሚወርድ ዝናብና ከጎማ የሚረጭ ጠብታ ማጣሪያውን ቢያረጥበውም ሞተሩን ለመስበር አይበቃም፤ ጥቂት ጠብታ ከገባም በሞተሩ ሙቀት ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፡፡ አደጋው የሚመጣው ማጣሪያው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው፡፡ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ቱቦው ተቀይሯል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «አፉ የተቀመጠው የት ነው?» የሚለው ነው፡፡ ቱቦው አጭር ሆኖ ማጣሪያው ከኮፈኑ ሥር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የውሃው ሥጋት ከፋብሪካው ሳጥን ብዙም አይርቅም፡፡ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ስለሚሆን የታሰበው ጥቅም ይቀራል፡፡

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? ቀዝቃዛ አየር ከሙቅ አየር ይልቅ የታመቀ መሆኑ እውነት ነው፡፡ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው አየር በመቶ ሦስት ያህል ይጨምራል፡፡ ሆኖም የብዙዎቹ መኪናዎች የፋብሪካ ሳጥን መኪናው ሲጓዝ አየር የሚስበው ከፊት ከውጭ ስለሆነ፣ በልዩነት የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፡፡ ጎልቶ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ነው፡፡ በተጨማሪም ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፡፡ መኪናችን ዳገት ላይ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ጭምር ነውና ቱቦ በመለወጥ የአገሩን አየር መለወጥ አይቻልም፡፡

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል፡፡ በመሆኑም በእጅ ያለችውን የቤንዚን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ ይጠቅማል፡፡ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አየር ስቦ ነዳጅ የሚያነድ ሞተር ስለሌለው በዚህ መንገድ አይሰበርም፡፡ ነገር ግን ጎርፍ እርሱንም ያንሳፍፋል፤ ውሃ ውስጥ የሰነበተ ባትሪም በባለሙያ ሳይመረመር ሊነዳ አይገባም፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ኮፈኑን ያስከፍቱና አየር ማስገቢያውን ከሞተሩ ጀምረው እስከ አፉ ድረስ በዓይንዎ ይከተሉት፡፡ መጨረሻው ከባምፐሩ ሥር ከሆነ በሜትር ይለኩት፤ ቁጥሩንም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው፡፡ ሁለተኛ፣ የቀድሞው ሳጥን ካልተጣለ ለክረምቱ ይመለስ፡፡ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸውና ከሰኔ በፊት ቢገጠም ይመረጣል፡፡ ሳጥኑን አውልቆ ለመሸጥ የሚቸኩል ልጅ ካለዎት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ያስታውሱት፡፡

ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ ወደማይታወቅ ውሃ አይግቡ፡፡ ሌላው ስለተሻገረ እኔም እሻገራለሁ ማለት ከላይ እንዳየነው ያታልላል፡፡ ሌላ መንገድ ከሌለና ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ የተኛ መሆኑ ከታወቀ በእግረኛ እርምጃ ልክ በዝግታ ይለፉ፡፡ በፍጥነት የገባ መኪና ውሃውን ከፊቱ እንደ ማዕበል ያስነሳዋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ውሃ ባምፐሩ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ ይወጣል፡፡ በአጠገብዎ የሚያልፍ የጭነት መኪናም እንዲሁ ያደርጋል፡፡ የሚፈስ ውሃ ከሆነ ግን ጨርሶ አይሞክሩት፡፡ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትናንሽ መኪናዎችን፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ አብዛኞቹን መኪናዎች ሊወስድ ይችላል፡፡ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ማለቃቸው ጎርፍ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየናል፡፡

አራተኛውና ዋነኛው ይህ ነው፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ደግመው አያስነሡት፡፡ ውሃ ስቦ የቆመ ሞተር አንዳንዴ ሳይሰበር ይተርፋል፤ ደጋግሞ ማስነሣት ግን የተረፈውን ይሰብረዋል፡፡ አስቀድመው ልጆቹን ያውጡ፤ ሰው ከብረት ይበልጣልና፡፡ ከዚያም መኪናውን አስጎትተው ወደ መካኒክ ይውሰዱት፡፡ የቤንዚን ሞተር ከሆነ መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ ሞተሩን በዝግታ እያዞረ ውሃውን ያስወጣዋል፡፡ የሞተሩ ዘይት እንደ ማኪያቶ ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና መለወጥ አለበት፡፡

ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ መኪናዋን ለማሳመር ቢመኙ አይቆጡ፤ ወጣት የእጁን ሥራ ማየት ይወዳል፡፡ ነገር ግን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፡፡ አፉ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? የቀድሞው ሳጥን የት ተቀመጠ? ሞተሩ ውሃ ውስጥ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ? ሦስቱንም ከመለሰ ሥራውን ያውቃል፤ አንዱን እንኳ ካልመለሰ ቱቦው እስከ መስከረም ይቆይ፡፡

የስፌት ሙያተኛዋ እናት ዛሬ መኪናቸው በሌላ ሞተር ትሠራለች፡፡ ጥቁሩ ሳጥንም ወደ ቦታው ተመልሷል፡፡ ልጃቸው የዕቁቡን ገንዘብ በማታ ሥራው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ለእናቱ እየመለሰ ነው፡፡ ዝናብ ሲጀምር መንገድ ላይ ከሆነ ደውሎ «እማዬ፣ ዳር ይዤ ቆሜአለሁ» ይላቸዋል፡፡ እርሳቸውም «ቁም ልጄ፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ እራቱ አይበርድብህም» ይሉታል፡፡