ቀይ የሌለበት የቀለም ክብ

ኮምፒዩተር ላይ የሚስሉ ሰዎች ለዓመታት ያማረሩበት ነገር ነበር። ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ አረንጓዴ እንደሚሆኑ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ አብዛኞቹ የሥዕል ፕሮግራሞች ግን የሚሰጡት ግራጫ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የስክሪን ብርሃን እንጂ የቀለም ዱቄት ስላልሆነ፣ የሁለቱን ቁጥሮች አማካይ ወስዶ ይገላገላል። በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሻርካ ሶኾሮቫ እና ኦንድሬይ ያምሪሽካ የተባሉ የቼክ ተመራማሪዎች ሚክስቦክስ ያሉትን መፍትሔ ይዘው ብቅ አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሬቤል በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኩቤልካ እና ሙንክ የተባሉ ሰዎች በ1931 አንድ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥና ምን ያህሉን እንደሚበትን የሚያሰላ ቀመር አውጥተው ነበር። ሶኾሮቫና ያምሪሽካ ይህን ከባድ ስሌት ብሩሹ ሲንቀሳቀስ በቅጽበት እንዲሠራ አቀለሉት።

እኔን የሳበኝ ግን የመረጧቸው አራት መነሻ ቀለሞች ናቸው፦ ፋታሎ ሰማያዊ፣ ኩዊናክሪዶን ማጀንታ፣ ሃንሳ ቢጫና ታይታኒየም ነጭ። ቀይ የለበትም።

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሠረታዊ ናቸው፣ የቀሩት ከእነርሱ ይወጣሉ ተብለን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ግር ይላል። ትምህርቱ የሚሰጠው በቀለም ክብ ነው፤ ክቡ ግን የተወለደው ከብርሃን ጥናት ነው። ኒውተን በ1704 ባሳተመው ኦፕቲክስ የብርሃንን ሰባት ቀለሞች ጫፍና ጫፋቸውን አጋጥሞ ክብ ሠራ፤ ሰባት ያደረጋቸውም ከሙዚቃ ቅኝት ጋር እንዲገጥሙለት ነው። ነገሩን ወደ ዱቄትና ዘይት ያወረደው የፍራንክፈርት ተወላጁ ያኮብ ክሪስቶፍ ለ ብሎን ነው። በ1725 ገደማ ለንደን ውስጥ ባሳተመው ኮሎሪቶ በተባለ ትንሽ መጽሐፍ፣ በሦስት ቀለም የሚታየውን ነገር ሁሉ መሳል ይቻላል አለ። በወሬም አልቀረም፤ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ ሦስት ሰሌዳዎችን በአንድ ወረቀት ላይ እያደራረበ ሥዕል ያትም ነበር። ንግዱ ከሰረ፣ ዘዴው ግን ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ አለ። ከእርሱ በኋላ የነፍሳት ሠዓሊው ሞሰስ ሃሪስ ባለ 18 ቀለም ክብ አሳተመ። ጎተ፣ ሩንገ፣ ሼቭረል፣ ኦስትዋልድ፣ መንሰል እያሉ ስም መደርደር ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የደከሙት ቀለም እንዴት እንደሚታይ ወይም በምን ቁጥር እንደሚመዘገብ ለማወቅ ነው። ፓሌት ይዞ ለቆመ ሰው የሚረባው ጥቂቱ ነው።

በየሥዕል ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ባለ 12 ክፍል ክብ የዮሐንስ ኢተን ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኢተን ከ1919 እስከ 1923 ቫይማር በነበረው ባውሃውስ በተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ጸጉሩን ተላጭቶ ካባ ለብሶ የሚመጣ፣ ማዝዳዝናን የተባለ እምነት ተከታይ፣ ተማሪዎቹን ጾምና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ምግብ ያስለመደ ሰው ነበር። ክቡን ያስፋፋለት በ1961 ያወጣው የቀለም ጥበብ መጽሐፉ ነው። መሐሉ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በሦስት ማዕዘን ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸው ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይወለዳሉ። መልኩ ያምራል፤ ትምህርት ቤቶችም የወደዱት ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ቀለም ንጽጽር የጻፈው ዛሬም ይጠቅማል። ስለ ቅልቅል የሰጠው ተስፋ ግን ቀለሙ ከትዩብ ወጥቶ ሲሞከር አይሠራም።

ካድሚየም ቀይና አልትራማሪን ሰማያዊ ወስደው እኩል ያደባልቁ። ክቡ ወይን ጠጅ ይላል፤ ፓሌቱ ላይ የሚገኘው የደረቀ ደም የመሰለ ቡናማ ነው። ካድሚየም ቀይ ሰማያዊውን ብርሃን ሙልጭ አድርጎ ይውጣል፤ አልትራማሪን ደግሞ ቀዩን አብዛኛውን ይውጣል። ወደ ዓይን የሚመለሰው ሁለቱም ሳይውጡ የተዉት ብቻ ስለሆነ፣ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በካድሚየሙ ምትክ ኩዊናክሪዶን ማጀንታ ያስገቡ፤ ማጀንታው ቀዩንም ሰማያዊውንም ስለሚመልስ ጥርት ያለ ወይን ጠጅ ይወጣል። አረንጓዴም እንዲሁ ነው። ሎሚ ቢጫና ፋታሎ ሰማያዊ የቅጠል አረንጓዴ ይሰጣሉ፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ካድሚየም ቢጫና አልትራማሪን ግን የወይራ ዓይነት ድፍርስ አረንጓዴ። ፋታሎ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ በቢላ ጫፍ ትንሽ ብቻ ወደ ቢጫው ይጨመር እንጂ ቢጫው ወደ እርሱ ከተጨመረ ትዩቡ ሁሉ ያልቃል።

በዚህ ላይ የተነሣው ክርክር አሁንም አልበረደም። ማይክል ዊልኮክስ በ1980ዎቹ «ሰማያዊና ቢጫ አረንጓዴ አይሆኑም» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አውጥቶ ሠዓሊውን ሁለት ጎራ ከፈለው። ፍጹም ሰማያዊና ፍጹም ቢጫ ቢኖሩ ተዋውጠው ጥቁር ይሆናሉ፤ አረንጓዴ የሚገኘው ሁለቱም ዱቄቶች ጥቂት አረንጓዴ ስለሚያሾልኩ ነው ይላል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት መያዝ ነው። ርዕሱ የገበያ ጩኸት አለበት፤ ምክሩ ግን ብዙ ጀማሪ አድኗል። ማጀንታና ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ) ይዞ መነሣት መንገዱን ያሳጥረዋል ባይ ነኝ። ሆኖም የማጀንታ ወገኖችም ያጋንናሉ፤ ሦስት ቀለም ሁሉን አይሠራም። ድብልቅ ምንጊዜም ከአንድ ንጹሕ ዱቄት ይልቅ ይደበዝዛል፤ ማተሚያ ቤቶች ለጥራት ሲሉ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ከክቡ ሁሉ የሚታመነው ክፍል ተቃራኒ ቀለማትን የሚያሳየው ነው። የጮኸ አረንጓዴ በጥቁር ሳይሆን በትንሽ ቀይ ዝም ይላል። አልትራማሪንና የተቃጠለ ሲየና፣ ማለትም ሰማያዊና ብርቱካናማ ቡኒ፣ ከትዩብ ጥቁር የሚበልጥ ጥቁር ይወጣቸዋል። በስዊድናዊው አንደርስ ዞርን ስም የሚጠራው ፓሌት ከዚህም ያነሰ ነው፦ ቢጫ ኦከር፣ ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ። ሰማያዊ የለውም፤ ከቀይና ከቢጫ አጠገብ ጥቁሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ለሰው ፊት ይህን የመሰለ አላየሁም። ለእኛ ፊት ግን የተቃጠለ ሲየናና ጥቂት አልትራማሪን ይጨመርበት፤ «የሥጋ ቀለም» ተብሎ በትዩብ የሚሸጠው ሐመር ሮዝ ለማን እንደተሠራ ግልጽ ነው።

የግድግዳውን ክብ ገልብጦ መቀባት ብዙ አይጠቅምም። በእጅዎ ባሉት ትዩቦች የራስዎን ክብ ይሥሩ፤ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ደባልቀው የወጣውን ከነስሙ በካርቶን ላይ ያስፍሩ። አዲስ ትዩብ ሲገዙ ደግሞ የፊቱን ስም ትተው ጀርባውን ያንብቡ። ፒቢ 29 አልትራማሪን ነው፣ ፒቢ 15 ፋታሎ፣ ፒአር 108 ካድሚየም ቀይ። ሁለት ሦስት ኮድ አብረው ከተጻፉ ቀለሙን ፋብሪካው አስቀድሞ ደባልቆታል፤ ቅልቅሉን ራሴ እሠራለሁ ለሚል ሰው ያን ትዩብ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።