በቦሌ ከፍታ፦ ቱርቦ ያለውና የሌለው ሞተር ውስጣቸው ሲታይ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበውን አየር ብቻ ስለሚያገኝ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቱርቦ ግን በሚወጣው ጭስ ኃይል ተሽከርክሮ አየሩን አምቆ ያስገባል።

አየር ሲበዛ ነዳጅም ይጨመራል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊትና ሙቀት ያይላሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ከውጭ በሚታየው ቱርቦ ብቻ አያበቃም። ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጡት ሁለቱ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች ናቸው። ሁለቱም ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ናቸው። ሃርድቶፕ በሚባለው ላንድክሩዘር የሚታወቀው ዋን ኤች ዜድ ቱርቦ የለውም፤ አየሩን 22.4 እጥፍ ያምቃል፤ ናፍጣው መቀጣጠል የሚጀምረውም ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ባለ ቱርቦው ዋን ኤች ዲ ቲ የሚያምቀው 18.6 እጥፍ ብቻ ነው፤ አየሩ አስቀድሞ ታምቆ ስለሚገባ እምቀቱ ቢበዛ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ናፍጣውም በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል።

ለቱርቦ የተሠራ ፒስተን አናቱ ወፍራም ነው፤ የላይኛዋ ፋሻ የምትቀመጥበት ቦይም በብዙዎቹ በጠንካራ ብረት ይደገፋል። ብዙ ጊዜ ከሥር ዘይት እየተረጨ ያቀዘቅዘዋል። ቢዬላው ይጠነክራል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከፍ ያለ ግፊት እንዲችል ይደረጋል፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭም ሙቀት ከሚቋቋም ብረት ይሠራል። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ዋናው ስጋት ቤንዚኑ ከካንዴላው እሳት ውጪ በራሱ መፈንዳቱ ነው፤ እምቀቱ ዝቅ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዳገት ላይ ጉልበት ያጠረው የሃርድቶፕ ባለቤት ቱርቦ ማስገጠም ቢያምረው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ናፍጣው ያለ ልክ ከተጨመረ የዋን ኤች ዜድ ፒስተንና ቴስታታ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። በተጨማሪም ቱርቦው ቦሌ ላይ የተስተካከለለት መኪና በአዳማ በኩል 1000 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ ቱርቦው ያንኑ ያህል ግፊት በወፍራሙ አየር ላይ ይጨምራል፤ ሞተሩ የሚሸከመው ጠቅላላ ግፊትም ከቦሌው ይበልጣል። ስለዚህ የቱርቦው ግፊት በቆላው አየር ተሰልቶ ዝቅ መደረግ፣ የናፍጣው መጠንም የጭሱን ሙቀት በሚያሳይ ጌጅ መወሰን አለበት።