«ሐረር» የሚለው ስም የማን ንብረት ነው?

ስልካችሁን አውጡና ውጭ አገር የሚሸጥ የሐረር ቡና ፈልጉ። እሽጉ ላይ በትልቁ «ሐረር» ይላል። ጭሮ፣ ገለምሶ፣ በዴሳ የሚል ብዙም አታገኙም፤ ጀንፈሉ የሚሰጣው ግን በነዚህ ከተሞች ዙሪያ ባሉ ግቢዎችም ነው።

ታዲያ ስሙ የማን ነው? ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2005 የምር ሆነ። መንግሥት ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ሐረርና ሲዳሞም መጀመሪያ ላይ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል ውድቅ ተደረጉ። (ስማችሁ በጣም ስለታወቀ የናንተ አይደለም እንደማለት!) ስታርባክስ በበኩሉ ቡናው የበቀለበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ምልክት ይሻላችኋል ባይ ነበር። እሺ፣ ጓሮው ውስጥ ጥቂት እግር ቡና ያለውን ገበሬ ሁሉ እየዞረ ማን ያረጋግጣል? ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በ2007 ስታርባክስ ለስሞቹ እውቅና ሰጥቶ የፈቃድ ውል ፈረመ።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። አገሮች ሁለት ለሁለት ከሚፈራረሟቸው የኢንቨስትመንት ስምምነቶች ብዙዎቹ የንግድ ምልክትንና ፓተንትን እንደ «ኢንቨስትመንት» ይቆጥራሉ። ስለዚህ የውጭ ባለሀብት ምልክቴ ተነካ ካለ መንግሥትን በቀጥታ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ፊት ማቆም ይችላል። ፊሊፕ ሞሪስ ኡራጓይን ያደረጋት ይህንኑ ነው። ጥፋቷ? የጤና ማስጠንቀቂያ የሲጋራ ፓኮውን 80 በመቶ ይሸፍን፣ አንድ ብራንድም በአንድ ዓይነት እሽግ ብቻ ይሸጥ ማለቷ። በ2010 የተጀመረው ክስ በ2016 በኡራጓይ አሸናፊነት አለቀ፤ ኩባንያውም ለወጪዋ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላት ተወሰነ። እሷ ያወጣችው ግን 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አሸንፋም ከሰረች።

የጭሮ ገበሬ ይህ በር የለውም። ሲያትል ውስጥ ስም እንጂ ኢንቨስትመንት የለውም፤ ስሙ ሲነገድበት መንግሥቱ በየአገሩ የምዝገባ ቢሮ ደጅ ይጠናለታል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ስምምነቶቹ ሲታደሱ ጥበቃው በአገራችን ሕግ ለተመዘገበ ምልክት ብቻ እንዲሆን፣ የጤና ደንብም ከክስ ውጭ እንዲሆን ቁጭ ተብሎ መጻፍ አለበት።

ሌላም አለ። የ2007ቱ ፈቃድ ያለ ክፍያ ነው፤ ገበሬው የሚጠቀመው ስሙ የቡናውን ዋጋ ከፍ ካደረገለት ብቻ ነው። ጫት ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ቡና አንዴ ይለቀማል። ለዚህም ነው በምዕራብ ሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክለው የበዛው።