ማኔቲኖ፦ መንገዱን የሚያስቀድም ማዞሪያ

ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ኤፍ430ን ሲያቀርብ የብዙውን ተመልካች ዓይን የወሰደው 490 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4.3 ሊትር ሞተር ነበር። ከእሷ በኋላ በመጡት ፈጣን መኪኖች ላይ ይበልጥ ዱካ የተወው ግን ሞተሩ አይመስለኝም። መሪው ላይ፣ ከአሽከርካሪው ቀኝ አውራ ጣት አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ነበረች። ማኔቲኖ ትባላለች።

ሐሳቡ የተወረሰው ከፎርሙላ 1 ነው። የውድድር አሽከርካሪ እጁን ከመሪ ሳያነሳ የመኪናውን ጠባይ መቀየር ስላለበት፣ የሚያስተካክላቸው ነገሮች ሁሉ መሪው ላይ ተደርድረውለታል። ፌራሪ ይህን ወደ መንገድ መኪና ሲያወርደው ደንበኛው ስለ ዲፈረንሻል፣ ስለ ሾክ አብዞርበርና ስለ ማርሽ አቀያየር ለየብቻ እንዲጨነቅ አላደረገም። ማርሽ ከመሪው ጀርባ ባሉ መቅዘፊያዎች በሚቀየርበት ኤፍ430 ላይ ማዞሪያዋ አምስት ቦታ አላት፦ በረዶ፣ የሚያንሸራትት መንገድ፣ ስፖርት፣ ሬስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ የሚጠፋበት።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ ማኔቲኖን የምወድበት ምክንያት ያለው እዚያ ላይ ነው። በሌሎች ብዙ መኪኖች የምናገኛቸው ኮምፎርት፣ ኖርማል፣ ስፖርት፣ ስፖርት ፕላስ የሚሉት ሞዶች አሽከርካሪውን ዛሬ እንዴት መንዳት እንዳማረው ይጠይቁታል። ማኔቲኖ ግን በአመዛኙ የተደረደረችው ጎማው መሬቱን ምን ያህል ይይዛል በሚለው ነው። ከበረዶ ይነሳል፣ በእርጥብ አስፋልት ያልፋል፣ ደረቅ መንገድ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ውድድር ሜዳ ይገባል። ሞድ መምረጥ ማለት ከጎማው ሥር ስላለው ነገር መፍረድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአሽከርካሪው ስሜት ተከትሎ ይመጣል።

የሞድ ቁልፍ ሲነካ መኪናው ውስጥ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ነገር ነዳጅ መስጫው ነው። የዛሬ መኪና ፔዳል ከሞተሩ ጋር በካቦ አልተያያዘም። እግር የወረደበትን መጠን ሴንሰር ይለካል፣ ለዚያ መጠን ስንት ጉልበት እንደሚሰጥ ኮምፒውተሩ ይወስናል። በስፖርት ሞድ ፔዳሉ ሩብ ያህል ሲረገጥ በሌላው ሞድ ግማሽ ተረግጦ የሚገኘው ጉልበት ሊመጣ ይችላል። መኪናው ድንገት የጠነከረ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ፔዳሉ እስከ ወለሉ ከተረገጠ በሁለቱም ሞድ የሚወጣው ጉልበት አንድ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ በአየሩ መሳሳት ምክንያት በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ያንን የሚመልስ ሞድ የለም።

ከዚህ ልማድ የወጣች አንዲት መኪና አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ባለ ዐሥር ሲሊንደሯ ቢኤምደብሊው ኤም5 ሁልጊዜ የምትነሳው በ400 የፈረስ ጉልበት ነው። የቀረው 107 ጉልበት የሚለቀቀው አሽከርካሪው በቁልፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ያኔ 507 ይሆናል። የመኪናዋ ካምቢዮ ብቻውን 11 የአቀያየር ፕሮግራም ነበረው። ሾክ አብዞርበሩ ሦስት ደረጃ፣ መቆጣጠሪያውም የራሱ ደረጃዎች ነበሩት። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየነካኩ መንዳት ስለማይቻል፣ አሽከርካሪው ቆሞ ሳለ የሚወደውን ድብልቅ መዝግቦ፣ በኋላ መሪው ላይ ያለችውን የኤም ቁልፍ አንዴ በመጫን ይጠራው ነበር። ቢኤምደብሊው ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ዛሬ በኤም መኪኖቹ መሪ ላይ ኤም1 እና ኤም2 የሚባሉ ሁለት ቁልፎች ያስቀምጣል።

ወደ ሌሎቹ መኪኖች ስንመለስ፣ ካምቢዮው በስፖርት ሞድ ማርሹን ከፍ ባለ ዙር ላይ ያቆየዋል፣ አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ቀድሞ ወደ ታች ይቀይራል፣ ቅያሬውም ይፈጥናል። መሪው ይከብዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ የመሪ መክበድ ከጎማው የሚመጣውን ስሜት አይጨምርም፣ ረዳት ሞተሩ የሚሰጠውን እገዛ ይቀንሳል እንጂ። የማርሚታው ድምፅም ቫልቭ ተከፍቶ ይጎላል። ደስ ይላል፣ ፍጥነት ግን አይደለም።

ዋናው ክርክር ያለው ሾክ አብዞርበሩ ላይ ነው። ኤፍ430 ላይ ማኔቲኖዋ ወደ ሬስ ስትዞር ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይከተላታል። ማርሹ ይፈጥናል፣ መቆጣጠሪያው ይላላል፣ ሾክ አብዞርበሩም ይጠነክራል። ለስላሳ በሆነ የውድድር ሜዳ ይህ ትክክል ነው። ኢጣሊያ ውስጥ ግን የፌራሪ ከተማ የሆነችውን ማራኔሎን የሚከቡት የኮረብታ መንገዶች የተጣጠፉና የተጠጋገኑ ናቸው። በእንዲህ ያለ መንገድ ጠንካራ ሾክ አብዞርበር ጎማውን ከመሬት ያዘልለዋል። ጎማ አየር ላይ ሆኖ መኪናውን አያዞርም፣ አያቆምም፣ ጉልበትም አያስተላልፍም። ስለዚህ አሽከርካሪው ፈጣን ሞተርና ፈጣን ማርሽ ሲፈልግ፣ መንገዱ ደግሞ ለስላሳ ሾክ አብዞርበር ይፈልጋል። አንዲት ማዞሪያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልትሰጥ አልቻለችም።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከ430 ስኩዴሪያ ጋር ነው። ያቺን መኪና በማበልጸግ የፎርሙላ 1 አሽከርካሪው ማይክል ሹማከር ተሳትፏል፣ በፍራንክፈርት ትርዒት ላይ ለሕዝብ ያሳያትም እሱ ነው። ጉልበቷ 510 ነበር፤ የማርሽ መቀየሪያ ጊዜዋም ከኤፍ430 150 ሚሊሰከንድ ወደ 60 ወርዷል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሾክ አብዞርበሩ ከማኔቲኖዋ ተነጥሎ የራሱን ቁልፍ ማግኘቱ ነው። አሽከርካሪው ማዞሪያዋን ሬስ ላይ ትቶ ሾክ አብዞርበሩን ብቻ ማለስለስ ቻለ። ይህች የኮረኮንች ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደመጣችው 458 ኢታሊያና ከዚያ ወደቀጠሉት ፌራሪዎች ተሻገረች። ለስላሳውን መንገድ ጀማሪ ብቻ የሚመርጠው የሚመስለው ሰው፣ ዓለምን ሰባት ጊዜ ያሸነፈ አሽከርካሪ እጁ ባለበት መኪና ላይ ይህ ቁልፍ ለምን እንደተጨመረ ቢያስብ መልካም ነው።

በ458 ኢታሊያ ላይ በፍጥነት መላላትና መጠንከር የተቻለው በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ዘይቱ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ብናኝ ተበትኗል። በመጠምጠሚያ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲላክ ብናኙ ይሰለፋል፣ ዘይቱም በቀዳዳው ለማለፍ ይቸገራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ወዲያው ይፈታል። ቴክኖሎጂው በቤት መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2002 በካዲላክ ሴቪል ላይ ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በ599 ላይ ተጠቀመበት።

ጀርመኖቹም ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሰዋል። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ጎልፍ አር ላይ፣ ተጨማሪ ከፍሎ ለገዛ ደንበኛ ስፔሻል የሚባል ሞድ አለ። የተዘጋጀው በኑርበርግሪንግ ለሚገኘውና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ላለው ኖርድሽላይፈ ለሚባለው ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው እንደተሳሉ ይቆያሉ፣ ሾክ አብዞርበሩ ግን ከሬስ ሞድ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ሜዳው ጎርባጣ ስለሆነ ጎማው ከመሬት እንዳይለይ። በዓለም ከሚፈሩት ሜዳዎች አንዱ ላይ ለፍጥነት የሚመረጠው ለስላሳው ነው።

ስለ መጨረሻው ቦታ፣ መቆጣጠሪያው ስለሚጠፋበት፣ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ይህን መቆጣጠሪያ ቦሽና መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው ለገበያ ያበቁት። መኪናው መሪው ከጠቆመው አቅጣጫ መውጣት ሲጀምር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ ካስፈለገም አንዱን ጎማ ለብቻው በፍሬን ይይዛል። አራት ፍሬኖችን ለየብቻ መያዝ የትኛውም ሰው በአንድ እግሩ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ሬስ ሞድ ላይ መቆጣጠሪያው ቆይቶ ይገባል እንጂ አልጠፋም፤ አብዛኛው አሽከርካሪ በሕዝብ መንገድ ከዚህ አልፎ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ማጥፊያዋ ለተዘጋ ሜዳ የተሠራች ናት።

ዛሬ ምርጫው ወደ ባትሪ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፌራሪ ኤስኤፍ90 ከማኔቲኖዋ ሌላ ሁለተኛ መምረጫ አለው፤ እሱ ከኤሌክትሪክና ከቤንዚን ጉልበት የቱ ሥራ ላይ እንደሚውል ይወስናል። በአንዱ ጫፍ መኪናው እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ በባትሪ ብቻ በጸጥታ ይሄዳል፤ በሌላው ጫፍ 1,000 የፈረስ ጉልበት ይለቀቃል።

እኛም ዘንድ ነገሩ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ኢኮ፣ ኖርማልና ስፖርት የሚሉ ሞዶች ያሉት የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው ሰው በርክቷል። ብዙዎች ኢኮን ባትሪ መቆጠቢያ ብቻ አድርገው ያዩታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሙሉ የማዞር ኃይሉን ገና ከቆመበት ይሰጣል። በሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃና ዘይት በተቀላቀለበት አስፋልት ላይ፣ የኢኮ ቀስ ያለ ፔዳል ጎማው እንዳይሽከረከር ይረዳል። ቁልቁለት ላይም ሌላ ጥንቃቄ አለ። እግር ከፔዳል ሲነሳ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን የሚሞላው ኃይል የሚሠራው ሞተር በተገጠመላቸው ጎማዎች ላይ ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ሞተር መኪና ላይ ይህ ማለት የፊቱን ወይም የኋላውን ጥንድ ብቻ ነው። ከእንጦጦ በደረቅ ቀን ሲወረድ የዚህ ኃይል ከፍ ያለው ደረጃ ፍሬንንም ባትሪንም ይጠቅማል። መንገዱ ረጥቦ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን ዝቅ አድርጎ፣ አራቱንም ጎማ በሚይዘው የፍሬን ፔዳል መውረድ ይሻላል።