የጎዳና ጨዋታ በጠባብ መስመር

ቀላል ጭነት ሩቅ ይደርሳል

ዕቃ በክብደቱ እንደሚጫን፣ ኪራዩም በኪሎ እንደሚታሰብ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በእጅ የማይዳሰስ፣ ሆኖም እንደ ቡናና እንደ ጨርቅ ሁሉ በክብደቱ የሚከፈልበት ሌላ ጭነት በየሰዉ ኪስ ውስጥ ይመላለሳል። ይኸውም በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ከሌላው ጭነት የሚለየው ግን አንድ ነገር አለ፤ የዚህን ጭነት ኪራይ ላኪው ከከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ተቀባይ ደግሞ እንደገና ይከፍላል።

ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዕለት ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞሩ፣ በመስከረም መባቻ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ፣ በዘወትርም ቀን አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከበር ሲቆም፣ ባለሱቁም ገበያተኛውም ስልኩን ያወጣል። ቪዲዮውም በዚያው ዕለት በቴሌግራም፣ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ይወጣል። ባለሱቁ ደንበኛ እንዲስብለት፣ ሌላውም በባዕድ አገር ለሚኖር ዘመዱ የአገሩን ድምፅ ለማሰማት ይልከዋል። ይሁን እንጂ ከብዶ በመንገድ የሚቀረው፣ ደርሶም ሳይከፈት የሚታለፈው ጥቂት አይደለም።

የጭነቱ ክብደት

አዲስ ስልክ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን እንዳገኘው ይጠቀምበታል። ይህም ለኪሳራው መነሻ ነው። በሰከንድ 30 ሥዕል በሚያነሣ አይፎን በአዲሱ የማመቂያ ዘዴ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ጥራቱ 720 ሲሆን 40 ሜጋባይት ያህል፣ 1080 ሲሆን 60 ሜጋባይት ያህል፣ 4ኬ በሚባለው ጥራት ሲሆን ደግሞ 170 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። እንግዲህ አንድ የ3 ደቂቃ የአዝማሪ ጨዋታ በ1080 ጥራት ቢቀረጽ 180 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው።

ይኸው ጨዋታ ግን ለትንሽ የስልክ መስተዋት በሚበቃ በ360 ጥራት፣ ለሥዕሉ በሰከንድ 500 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 64 ኪሎቢት ተመድቦለት ቢታመቅ ወደ 13 ሜጋባይት ይወርዳል። የ1,000 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ደንበኛ ከባዱን ቪዲዮ 5 ጊዜ ብቻ ሲያይበት፣ ቀላሉን ከ70 ጊዜ በላይ ያይበታል። ባለሱቁ ቪዲዮውን ለማቅለል ያጠፋት ጥቂት ደቂቃ የብዙ ደንበኞችን ገንዘብ ታድናለች።

የመንገዱ ጥበት

ገዢንም ሻጭንም የሚያሳስት አንድ የመለኪያ ነገር አለ። ጥቅል የሚሸጠው በሜጋባይት ነው፤ የመስመር ፍጥነት የሚነገረው ግን በሜጋቢት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር በአንድ ደቂቃ የሚያጓጕዘው 7.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚህ መስመር 180 ሜጋባይቱ ቪዲዮ 24 ደቂቃ ሲፈጅ፣ 13 ሜጋባይቱ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

ከዚህም በላይ የሞባይል መስመር የጋራ መንገድ ነው። በጥምቀት ወይም በሌላ በዓል ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲልክ፣ በአንዱ ምሰሶ የሚያልፈው ኃይል ለሁሉ ይከፋፈልና የእያንዳንዱ ድርሻ ይመነምናል። ስለዚህ ብልኅ ሰው በዓሉን በሰላም ይቀርጽና ማታ ከቤቱ ሆኖ መንገዱ ሲቀል ይልካል። የሌሊት ጥቅል ዋጋው የረከሰ መሆኑም ሌላ ጥቅም ነው።

በአገራችን ዋጋው ከቀድሞው መሻሻሉ አይካድም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 ከመቶ ቀንሷል፤ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ጀምሮ ገበያው ሁለት አቅራቢ አገኘ። ሆኖም ዋጋ ሲረክስ የቪዲዮውም ክብደት በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ መጠንቀቅ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

ሥዕሉ ይቀነስ፣ ድምፁ ይጠበቅ

ጭነት ማቅለል ማለት ግን ዕቃውን ማበላሸት ማለት አይደለም። የአዝማሪ ጨዋታ ዋና ዕቃው ቃሉ ነው። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆው ሲመልስ፣ ሰሚውን የሚያስቀው ወይም የሚያስተክዘው በሰሙ ሥር የተሸሸገው ወርቅ ነው። ወርቁም አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ላይ ያረፈ ነው። ፊደሊቱ በመኪና ጩኸት ከተዋጠች፣ ሥዕሉ የቱን ያህል ቢጠራ ጨዋታው ጠፍቷል። የአዝማሪው የካባ ጥለት በጥቂቱ ቢደበዝዝ ግን የሚከፋ ተመልካች የለም።

ድምፅም እንደ ሥዕል ከባድ አይደለም። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተመደበለት ድምፅ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ሥዕሉ ነው። ቀራጩም ስልኩን ከሩቅ አቁሞ ሥዕሉን በማጉላት ፈንታ፣ ራሱ ወደ መሰንቆው ይጠጋ፤ ነፋስና የመኪና ድምፅም ከበስተኋላው እንዲሆን ያድርግ።

ሌላው ትልቅ ነገር እጅ አለማንቀጥቀጥ ነው። የማመቂያው ዘዴ እያንዳንዱን ሥዕል ሙሉ በሙሉ አይመዘግብም፤ ከቀደመው ሥዕል የተለየውን ብቻ እየለቀመ ይጽፋል። ስልኩ በአንድ ስፍራ ከቆመ የሚለወጠው የአዝማሪው እጅና ፊት ብቻ ስለሆነ ጭነቱ ይቀላል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ግድግዳውም ሰዉም አስፋልቱም ያለማቋረጥ ይለወጣልና፣ ያ ሁሉ ክብደት ይሆናል። እስክስታ የሚቀርጽ ሰውም ይህን አይርሳ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ እንጂ ካሜራው አብሮ አይጨፍር።

አላላኩም ዘዴ አለው። በቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ፋይል አድርጎ የላከ ሰው ሙሉውን ክብደት በተቀባዩ ላይ ይጭናል፤ እንደ ቪዲዮ ሲልክ ግን ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማቅለል ይችላል። ዩቲዩብ የተቀበለውን ቪዲዮ በልዩ ልዩ ጥራት ራሱ ያዘጋጃልና ተመልካቹ እንደ አቅሙ 144 ወይም 360 ሊመርጥ ይችላል፤ የመጫኛው ወጪ ግን በላኪው ላይ ይቀራል። አዲሱ ኤች 265 የሚባለው የማመቂያ ዘዴ ከቀድሞው ኤች 264 ይልቅ ክብደት ቢቀንስም፣ አንዳንድ አሮጌ ስልክ አይከፍተውም። ለሁሉ ሰው የሚላከውን በኤች 264 መላክ ይሻላል።

ለነጋዴው የሚሆን ትርፍ

ስልክና የስልክ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከዚህ የሚያተርፉት አላቸው። የስልክ ማቆሚያ፣ ከልብስ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ማይክሮፎንና የነፋስ መከላከያው ዋጋቸው አነስተኛ ቢሆንም ጥቅማቸው ከውድ ካሜራ አያንስም። የሚሞሪ ካርድ ጕዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በላዩ ከተጻፈው መጠን እጅግ ያነሰ የሚይዝ ሐሰተኛ ካርድ በዓለም ገበያ ይገኛልና፣ አስመጪው ጥቂቱን ለናሙና እስከ መጨረሻው ሞልቶ ሳይፈትሽ ብዙውን ባይረከብ መልካም ነው። የበዓሉን ቪዲዮ ያጣ ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

«ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በበራቸው የለጠፉ ሱቆችም ሥራቸው አላበቃም። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ወይም ወደ ካርድ በእጅ ሲተላለፍ የጥቅል ወጪ የለበትም። ቪዲዮ ማቅለልን በዚህ ላይ የጨመረ ባለሱቅ አንድ ተጨማሪ ሙያ ያገኛል።

የአዝማሪው ድርሻ

ስለ ጭነቱ ይህን ያህል ከተባለ ስለ ዕቃው ባለቤት ዝም ማለት አይገባም። አዝማሪ ድሮ የሚኖረው ከፊቱ ከቆመው ሰው በሚያገኘው ሽልማት ነበር፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር የሥራው ዋጋ ነው። ዛሬ በስልክ የሚያየው ሰው ከፊቱ ከቆመው እጅግ ሊበዛ ይችላል፤ ያ ሁሉ ተመልካች ግን ግንባሩን አያገኘውም።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በዐዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ከዋኝ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ለማስቀረጽና ለሕዝብ ለማሰራጨት የመፍቀድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የአዝማሪን ጨዋታ ለሱቁ ማስታወቂያ የሚያደርግ ነጋዴ አስቀድሞ ያስፈቅድ፣ በዋጋውም ይስማማ። ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ወላጆቻቸውን ይጠይቅ።

መክፈያውም ቀሏል። ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴም ወዲህ ኤምፔሳ በአገራችን ይሠራል። አዝማሪው ከፈቀደ ስሙና የመቀበያ ቍጥሩ ከቪዲዮው ግርጌ ቢጻፍ፣ በሌላ ከተማ ያለ ሰሚ ሽልማቱን በዚያው ስልክ ሊልክለት ይችላል። አንዲት መስመር ጽሑፍ በክብደት ምንም አትጨምርም፤ ለመሰንቆው ባለቤት ግን የዕለት እንጀራ ልትሆን ትችላለች።

ቪዲዮን አቅልሎ የሚልክ ነጋዴ የደንበኛውን ገንዘብ ያከብራል፤ ለተጫዋቹ ድርሻውን የሚሰጥ ደግሞ ነገም ከበሩ የሚዘፍንለት ሰው አያጣም።