ፍርዱ ለሕዝብ፣ ገመናው ለባለቤቱ

ድሮ ሙግት የአደባባይ ነበር። ባለጉዳዮቹ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ ነበር። የሰማው ግን ከሰፈሩ ብዙ አይርቅም። ውቤ በረሃ ውስጥ ማን ከማን እንደተካሰሰ የሚያውቀው የደጃች ውቤ ሰፈር ሰው ነው፤ ባለጉዳዩ ሰፈር ሲቀይር ወሬው ወደኋላ ይቀራል።

ዛሬም አራዳ ምድብ ችሎት ገብቶ ከኋላ ወንበር ሙግት መከታተል ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ውሳኔ ግን ወደኋላ አይቀርም። ስም ጽፎ ለፈለገ ቀጣሪ ወይም አከራይ ሁሉ ከዓመታት በኋላም ይወጣል።

ውሳኔ ለምን ይታተማል?

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። የሚያስገድድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ የሚታተሙት ለዚህ ነው። ዳኛ እንዴት እንደፈረደ ሕዝብ ካላየ አድልዎን በምን ይለያል?

ገመናን የሚጠብቀውስ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የወንጀል ክስ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ አዝዞ፣ በዝግ የሚታይበትን ምክንያት በሦስት ይወስነዋል፦ የተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ የሕዝብ ሞራልና የአገር ደኅንነት። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያውጃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ በዝግ እንዲታይ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

ክፍተቱ ያለው ውሳኔው ሲታተም ነው። በብዙዎቹ የሰበር ቅጾች በፍቺና በልጅ አስተዳደግ ክርክር ሳይቀር የአመልካችና የተጠሪ ስም ሙሉውን ይነበባል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ለሕግ ትርጉም በሚቀርቡለት ጉዳዮች የግለሰቦችን ስም በፊደላት ይተካል። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመዝገብ በሚቀርብ ሰነድ ላይ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚጠራው በስሙ መነሻ ፊደላት ነው።

ለእኛም ይህ መንገድ ይበጃል። በፍቺ ንብረት ክርክር ጠበቃው የሚፈልገው ቤቱ የጋራ ነው ወይስ የግል የተባለበትን ምክንያት ነው፤ ባልና ሚስቱ «ሀ» እና «ለ» ቢባሉ ትምህርቱ አይጎድልም። የሕዝብ ገንዘብ ሰርቆ የተፈረደበት ባለሥልጣን ስም ግን ይቆይ፤ የፈረዱት ዳኞች ስምም እንዲሁ። ሥልጣን የያዘ ሰው በሥልጣኑ የሠራው ገመና አይባልም። ሙሉው መዝገብ ደግሞ በቂ ምክንያት ይዞ ለሚመጣ ሰው መዝገብ ቤት ውስጥ ይጠበቅ።

እስከዚያው ሥራው የሁላችንም ነው። የውሳኔ ግልባጭ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ከመልቀቅዎ በፊት በውስጡ የተጠቀሰውን ልጅ ስም፣ የቤት ቁጥሩንና ስልኩን ይሸፍኑ። ፍርዱ እንዳለ ይነበባል፤ ልጁም ነገ በስሙ ሥራ ይጠይቅበታል።